«ፐርኒከቲ» ስድብ ነው ወይስ ምስጋና?

(በተማሪዎች ማኅበር የዓርብ ማታ ስብሰባ ላይ የተነገረ)



በዚህ ቦታ ላይ ከእኛ በፊት የቆሙት ተናጋሪዎች ስለ ትምህርት መስፋፋት፥ ስለ እርሻ መሻሻል፥ ስለ ጤና አጠባበቅ ተናግረዋል። እኛ ዛሬ ማታ ይዘን የቀረብነው ግን አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ብቻ ናት። ጉዳያችን ከፊተኞቹ ጋራ ሲመዛዘን እንደ ሰናፍጭ ቅንጣት ያነሰ መሆኑን እናውቃለን። ነገር ግን «ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ» ይባላልና፥ የዚችን ትንሽ ቃል ሥር ስንቆፍር ያገኘነው ነገር ከቃሏ ስለ በለጠብን፥ ትዕግሥታችሁን ለምነን እንነግራችኋለን።

ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። ይህን ጋዜጣ የምናዘጋጀው ተማሪዎች ስድስት ነን። ከስድስታችን አንዱ፥ ስሙን እንዳንጠራ አደራ ያለን ወዳጃችን፥ በትንሽ ነገር የሚሟገት ሰው ነው። ነጠላ ሰረዝ ከቦታዋ ፈቀቅ ያለች እንደ ሆነ እንቅልፍ አይወስደውም። «ድኅነት» የሚለው ቃል በብዙኃኑ «ኀ» መጻፉ ቀርቶ በሃሌታው «ሀ» ከተጻፈ፥ «መዳንን ማጣት አደረጋችሁት!» ብሎ ይጮኻል። አንድ ቀን ማታ ስቴንስሉ በታይፕ ተመትቶ ካለቀ፥ የማባዣው መኪናም ቀለም ጠጥቶ ከተዘጋጀ በኋላ፥ ወዳጃችን በአንደኛው ገጽ ላይ ነጠላ ሰረዙና ድርብ ሰረዙ ተቀላቅለዋልና ገጹ እንደገና ይመታ ብሎ ድርቅ አለ። እኛ ስንጮኽ እሱም ሲጮኽ፥ ከእንግሊዝኛ መምህሮቻችን አንዱ በበሩ ሲያልፉ ቆም ብለው አዳመጡን። ከዚያም ፈገግ አሉና ወዳጃችንን፥ «አንተስ ፐርኒከቲ ነህ» ብለውት መንገዳቸውን ቀጠሉ። ወዳጃችን ወደ እኛ ዞሮ፥ «ተሰደብሁ ወይስ ተመሰገንሁ?» ሲል ጠየቀ። ከመካከላችን መልስ የሰጠው አንድም ሰው አልነበረም። በማግሥቱ ሁላችንም ወደ ቤተ መጻሕፍት ሄድን።

መዝገበ ቃላቱ እንደሚፈታው «ፐርኒከቲ» የሚባለው ሰው ለጥቃቅን ነገር ከመጠን በላይ የሚጨነቅ፥ በቀላሉ ደስ የማይለው፥ ነገር ሁሉ በልኩና በቦታው ካልተቀመጠ ዕረፍት የሚያጣ ነው። ነገር ግን ቃሉ ለሰው ብቻ አይነገርም፤ ለሥራም ይነገራል። እንደ ሰዓት ጥገና ያለው እጅግ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ሥራ «ፐርኒከቲ ሥራ» ይባላል። እዚህ ላይ ልብ እንድትሉልን የምንፈልገው ነገር አለ። ቃሉ ለሰው ሲነገር ነቀፌታ አለበት፤ ለሥራ ሲነገር ግን ነቀፌታ የለበትም፤ ሥራው እንዲህ ያለ ነው ማለት ብቻ ነው። እንግዲያስ ፐርኒከቲ የሆነውን ሥራ ፐርኒከቲ ካልሆነ ሰው በቀር ማን ይሠራዋል?

ቃሉን ወደ አማርኛ ለመመለስ ብንሞክር ተቸገርን። «ጥንቁቅ» ብንል ምስጋና ብቻ ሆነ። «ጨቅጫቃ» ብንል ስድብ ብቻ ሆነ። «መራጭ» ብንል «መራጭ ይወድቃል ከምራጭ» የሚለው ተረት ትዝ አለን፤ ተረቱ ግን ይበልጡን የሚነገረው ለራሱ የሚሻለውን ሲያማርጥ ለሚቸገር ሰው ነው። ከሁሉ የቀረበን «አቃቂር አውጪ» የሚለው ነበር። ይሁን እንጂ አቃቂር የሚያወጣ ሰው ዐይኑ በሌላው ሥራ ላይ ነው፤ ፐርኒከቲ የሆነ ሰው ግን ሌላውን ከሚያስቸግረው ይልቅ ራሱን የሚያስቸግርበት ጊዜ ይበዛል። ስለዚህ ቃሉ በጥንቁቅና በጨቅጫቃ መካከል ባለው ጠባብ መንገድ ላይ የቆመ ነው ብለን ተስማማን።

አሁን ወደ ሥሩ እንሂድ። ከዚህ ቀጥሎ የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

«ፐርኒከቲ» የተወለደው በለንደን አይደለም፤ በስኮትላንድ ነው። በጽሑፍ መታየት የጀመረው በ1808 ዓ.ም. ግድም ሲሆን፥ ያ ዓመት ጆን ጄሚሰን የሚባሉ ቄስ የስኮትላንድን ሕዝብ ንግግር ሰብስበው ታላቁን መዝገበ ቃላታቸውን በኤዲንበርግ ያሳተሙበት ዓመት ነው። ከስኮትላንድ ተነሥቶ ወደ እንግሊዝ ወረደ፤ ባሕርንም ተሻግሮ አሜሪካ ገባ። በአሜሪካ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ በመካከሉ አንድ የ«ስ» ድምፅ ተጨምሮለት «ፐርስኒከቲ» ተባለ። እስከ ዛሬም ድረስ እንግሊዞች ያለ «ስ»፥ አሜሪካውያን ከነ «ስ» ይናገሩታል። ትክክለኛው የትኛው ነው ብሎ የሚከራከር ሰው ቢገኝ፥ እሱ ራሱ ቃሉ የሚገባው ሰው ነው።

ከስኮትላንድ በፊትስ ከየት መጣ? መዝገበ ቃላቶቹ እዚህ ላይ ሲደርሱ «መነሻው በእርግጥ አይታወቅም» ብለው ያቆማሉ። አንዳንድ ሊቃውንት ግን «ፓርቲኩለር» ከሚለው ቃል ተሰባብሮ የወጣ ሳይሆን አይቀርም ብለው ይገምታሉ። «ፓርቲኩለር» የመጣው ከላቲን ነው፤ በላቲን «ፓርቲኩላ» ማለት ትንሽ ክፋይ፥ ቅንጣት ማለት ነው። ግምቱ እውነት ከሆነ ፐርኒከቲ ማለት ሌላው ሰው ሙሉውን እንጀራ ሲያይ ቅንጣቱን ጤፍ የሚያይ ሰው ነው ማለት ነው። ግምት መሆኑን ግን አትርሱ። እነዚያ ሊቃውንት ያላረጋገጡትን አረጋግጠናል ሳይሉ መቅረታቸው እኛን አስደንቆናል። በፈተና ወረቀታችን ላይ «አይታወቅም» ብለን ጽፈን የምናውቅ ስንቶቻችን ነን?

የዚህን ቃል ዘመዶች ብናይ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይገለጥልናል። «ፈስ» የሚለው ቃል፥ ይኸውም በትንሽ ነገር ግርግር ማብዛት ማለት ነው፥ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ውስጥ የታየው በ18ኛው መቶ ዓመት መግቢያ ላይ ነው። መነሻው ከሚገመትባቸው መንገዶች አንዱ የሚፈላ ነገር ሲንተከተክ የሚያሰማው ድምፅ ነው የሚል ነው። እኛም የተቈጣውን ሰው «ተንጨረጨረ» ስንል ከእሳትና ከምጣድ ርቀን አልሄድንም። «ፊኒኪ» የሚለው ደግሞ ረቂቅ ማለት ከሆነው «ፋይን» ከሚለው ቃል የወጣ ይመስላል። «ፋስቲዲየስ» የሚለው ግን መነሻው በላቲን መጸየፍና ማቅለሽለሽ ነው፤ ዛሬ ሥራውን አጥርቶ የሚሠራውንና በቀላሉ የማይረካውን ሰው ለመግለጥ ይነገራል።

ከሁሉም የሚያስገርመው «ናይስ» የሚለው ቃል ታሪክ ነው። ሁላችንም ገና እንግሊዝኛ ስንጀምር «ናይስ» ማለት ጥሩ፥ ደስ የሚያሰኝ ማለት ነው ተብለን ተምረናል። ቃሉ ግን በላቲን «የማያውቅ» ከሚለው ቃል ተነሥቶ በፈረንሳይኛ በኩል ወደ እንግሊዝኛ የገባው በ13ኛው መቶ ዓመት ሲሆን፥ ያን ጊዜ ትርጓሜው ሞኝ ማለት ነበር። ከዚያ በ14ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ በጥቃቅን ነገር የሚጨነቅ፥ መራጭ ማለት ሆነ። በ16ኛው መቶ ዓመት ደግሞ ትክክለኛና ጥንቁቅ ማለት ሆነ። በ18ኛው መቶ ዓመት ዛሬ የምናውቀውን ደስ የሚያሰኝ የሚለውን ትርጓሜ አገኘ። እንግዲህ አስቡት፤ አንድ ቃል ከሞኝነት ተነሥቶ፥ በጭቅጭቅ በኩል አልፎ፥ ጥንቃቄ ላይ ደርሶ፥ በመጨረሻ ምስጋና ሆነ። ጄን ኦስተን የተባለችው የእንግሊዝ ደራሲ ከሞተች በኋላ፥ በ1817 መጨረሻ ላይ በወጣው «ኖርዛንገር አቢ» በሚለው ልብ ወለድ ውስጥ፥ አንድ ወጣት ይህን ቃል ለሁሉ ነገር የምትጠቀም ልጃገረድን ሲያሾፍባት እናገኛለን። አጠገቡ የነበረችው እኅቱ ግን ቃሉን በዱሮ ትርጓሜው መልሳ በራሱ ላይ ታዞርበታለች፤ አንተ ከብልኅነትህ መራጭነትህ ይበልጣል እንደ ማለት ነው። የቃል አጠቃቀምን የሚያርመው ወጣት በዚያው ቃል ታረመ።

ከዚህ የምንማረው ምንድር ነው? በትንሽ ነገር የሚጨነቅን ሰው የምንጠራበት ስም ስለ ሰውየው ብቻ አይናገርም፤ ስለ ጠሪውም ይናገራል። በርትራንድ ረስል የተባሉት ፈላስፋ በ1948 በእንግሊዝ ራዲዮ ላይ ሲናገሩ፥ ግሥ እንደሚረባ ሁሉ ሰው ፍርዱንም እንደሚያረባ በቀልድ አሳይተው ነበር፤ የእሳቸው ምሳሌ ስለ ግትርነት ነበር። እኛ በጉዳያችን ላይ ስናረባው እንዲህ ይሆናል፤ እኔ ጥንቁቅ ነኝ፤ አንተ መራጭ ነህ፤ እሱ ግን ጨቅጫቃ ነው። ሥራው አንድ ነው፤ የተለወጠው የተናጋሪው ቦታ ነው።

አሁን ደግሞ ቃሉን የፈለግንበት መጽሐፍ እንዴት እንደ ተሠራ ጥቂት እንናገር፤ ከጉዳያችን አንወጣም። ታላቁን የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ያዘጋጁት ዋናው ሰው ጄምስ መሪ ይባላሉ። በ1837 በስኮትላንድ ዴንሆልም በምትባል መንደር ከልብስ ሰፊ አባት ተወለዱ፤ መደበኛ ትምህርታቸውንም በ14 ዓመታቸው አቋርጠው ቀሪውን በራሳቸው ጥረት ተማሩ። በ1879 የመዝገበ ቃላቱን ሥራ ሲቀበሉ በ10 ዓመት ያልቃል ተብሎ ታስቦ ነበር። በ5ኛው ዓመት በ1884 የመጀመሪያው ክፍል ሲታተም የደረሱት ግን ጉንዳን ማለት እስከ ሆነው «አንት» እስከሚለው ቃል ድረስ ብቻ ነበር። ምክንያቱም መሪ እያንዳንዱ ቃል መቼ እንደ ተጻፈ፥ ማን እንደ ጻፈው፥ ትርጓሜው እንዴት እንደ ተለወጠ በማስረጃ ካልታየ አይቀበሉም ነበር። በሺሕ የሚቈጠሩ ፈቃደኞች ከመጻሕፍት እየቀዱ በትንንሽ ወረቀት ይልኩላቸው ነበር፤ እሳቸውም በቈርቈሮ በተሠራ ቤት ውስጥ ተቀምጠው ወረቀቱን ይለዩ ነበር። «ፐርኒከቲ» የሚገኝበትን የ«ፒ» ፊደል ክፍል ያዘጋጁትም እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ሥራው ሳያልቅ በ1915 ዐረፉ። መጽሐፉ የተፈጸመው በ1928 ሲሆን፥ ከ414,000 በላይ ቃላትና 1,800,000 ያህል ጥቅሶች ነበሩበት። የመንደራቸው ሰዎች እኚህን ሰው ሲያዩ በአገራቸው ቃል «ፐርኒከቲ» ቢሏቸው ኖሮ አልተሳሳቱም ነበር።

ሆኖም ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ተደርጎ አንዲት ቃል ጠፋች። ቃሏ «ቦንድሜይድ» ናት፤ ትርጓሜዋም በባርነት የተያዘች ሴት ማለት ነው። የተጻፈችባቸው ወረቀቶች ከቦታቸው ተለይተው ስለ ቀሩ፥ የ«ቢ» ፊደል ክፍል ሲታተም ሳትገባ ቀረች። ወረቀቶቹ የተገኙት መጽሐፉ ከታተመ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ቃሏ ቦታዋን ያገኘችው በ1933 በወጣው ተጨማሪ ጥራዝ ውስጥ ነው። በሕይወቷ የሚቈጥራት ሰው ያልነበራት ሴት ስሟም ከመጽሐፍ መቅረቱን ስናነብ፥ ሥቀን የጀመርነው ጥናት በዝምታ ያዘን። ዝም ያልንበትም ምክንያት ስለ መሪ ብቻ አልነበረም። የራሳችን ጥፋት ትዝ ብሎን ነው። እሱንም በዚህ ስብሰባ ፊት እንናገራለን፤ ጥፋቱ የእኛ የአዘጋጆቹ ነውና ለማንም አናላክከውም።

ካለፉት እትሞች በአንዱ ላይ፥ መጽሐፍ መግዣ ያጡ ተማሪዎች ለርዳታ ማመልከቻ የሚያቀርቡበት የመጨረሻው ቀን ወሩ በገባ በ12 ነው የሚል ማስታወቂያ እንድናወጣ ተሰጥቶን ነበር። በታይፕ ሲመታ 12 የሚለው 21 ሆነ። ሁለቱም አኃዞች አሉ፤ ቦታቸውን ብቻ ተለዋወጡ። በዚያች ሌሊት ወዳጃችን፥ «ስቴንስሉን ከዋናው ጽሑፍ ጋራ አንድ ጊዜ ብቻ እናስተያየው» ብሎ ለመነን። እኛም ደክሞን ነበርና፥ «አቃቂር አታውጣ፤ በቃ» አልነው። 300 ቅጂ አባዝተን አደልን። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» እንደሚባለው፥ ወረቀቱ 21 ብሎ ያዘ፤ አልለቀቀም። ሁለት ጓደኞቻችን በ18 ማመልከቻቸውን ይዘው ሲሄዱ በሩ ተዘግቶ አገኙት። አንደኛው ከዘመድ ተበድሮ ተወጣው። ሁለተኛው ግን መጽሐፍ ከሌሎች እየተዋሰ፥ ሌሎቹ ሲተኙ እሱ በእጁ እየገለበጠ ያን መንፈቀ ዓመት ጨረሰ። እስከ ዛሬ ድረስ አልወቀሰንም። ቢወቅሰን ይሻለን ነበር።

ታዲያ ወዳጃችን ሁልጊዜ ትክክል ነው ማለታችን ነውን? አይደለም። መምህራችን «ፐርኒከቲ» ባሉት በዚያ ሌሊት በመጨረሻ ለሱ እሺ ብለን ገጹን እንደገና መታነው፤ ያም ከመታን በኋላ ሌላ ሰረዝ አገኘና ሦስተኛ አስመታን። ጋዜጣው የወጣው፥ ይደረጋል ብሎ የሚያስታውቀው ስብሰባ ከተደረገ ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ሰረዞቹ ሁሉ በየቦታቸው ነበሩ፤ ስብሰባው ግን አልፏል። እንግዲህ አንድ ሰው፥ አንድ ጠባይ፥ ሁለት ፍሬ። በመጀመሪያው ጊዜ ባለመስማታችን በደልን፤ በሁለተኛው ጊዜ በመስማታችን ዘገየን።

በዚህ ላይ ብዙ ተከራከርን። ከመካከላችን የቤተ ክህነት ትምህርት የቀመሰው አንደኛው እንዲህ አለ፤ «የንባብ መምህር ተነሹን ወዳቂ፥ ሰያፉን ተጣይ አድርጎ ያነበበውን ተማሪ አያሳልፉም፤ እንደገና ያስነብቡታል። ተማሪው በልቡ ያጕረመርማል። መምህሩ ግን የሚጠብቁት ድምፁን ብቻ አይደለም፤ ድምፁ ሲሳት ምሥጢሩ እንደሚሳት ስለሚያውቁ ነው።» ይህ ንግግር መንገድ ከፈተልን። ትንሽ ነገር በትንሽነቱ አይመዘንም፤ ከኋላው በተንጠለጠለበት ነገር ይመዘናል። ከ12 በኋላ የአንድ ተማሪ መንፈቀ ዓመት ተንጠልጥሎ ነበር። ከዚያች ሰረዝ በኋላ ግን ከወዳጃችን እንቅልፍ በቀር የተንጠለጠለ ነገር አልነበረም።

ስለዚህ በጋዜጣችን ክፍል ውስጥ አንድ ደንብ አውጥተናል። ቀን፥ ስምና የገንዘብ ልክ የያዘ ጽሑፍ ሁሉ ወደ ማባዣው መኪና ከመግባቱ በፊት በሁለት ሰው ፊት ሦስት ጊዜ ይነበባል፤ ያን ጊዜ ወዳጃችን የፈለገውን ያህል ፐርኒከቲ ይሁን፤ «በቃ» የሚለው ሰው አይኖርም። በሰረዝና በነጥብ ጉዳይ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ይናገራል፤ ከዚያ በኋላ መኪናው ይዞራል። ሁላችሁም በየሥራችሁ እንዲህ ያለ ደንብ ብታወጡ አይጐዳችሁም። ነገ ሐኪም፥ መሐንዲስ፥ ዳኛ፥ አስተማሪ የምንሆን ሰዎች ነን። በመድኃኒት ልክ ላይ አንዲት ነጥብ ከቦታዋ ብትሄድ ምን እንደምታደርግ የሕክምና ተማሪዎች ከእኛ ይልቅ ያውቁታል።

ለወዳጃችን ጥያቄም መልስ መስጠት ይገባናል፤ በዚህ አዳራሽ ከኋላ ተቀምጧልና ይስማን። «ተሰደብሁ ወይስ ተመሰገንሁ?» ብለህ ጠይቀኸን ነበር። መዝገበ ቃላቱን ሁሉ ብንገለብጥ መልሱ በቃሉ ውስጥ የለም። በ12 እና በ21 ጊዜ ብንጠራህ ኖሮ ምስጋና ነበር፤ እኛ ግን በዚያ ሌሊት በሌላ ስም ጠራንህ። ስለዚያ ስም በመምህሮቻችንና በጓደኞቻችን ፊት ይቅርታ እንጠይቅሃለን። ከመጽሐፍ ርዳታ የቀረውንም ጓደኛችንን እንደዚሁ ይቅርታ እንጠይቃለን።

ይህ ንግግር በጋዜጣው እንዲወጣ ስለ ተወሰነ፥ ጽሑፉን አስቀድሞ ያነበበው ወዳጃችን ነው። ሰባት ስሕተት አግኝቶበታል። በስድስቱ እውነቱን ስለ ሆነ አርመናል። ሰባተኛው ሰረዝ ስለ ነበረ በደንባችን መሠረት አንድ ጊዜ ተናግሯል፤ መኪናውም ዞሯል።